ደገኛው በሲያትል ሐሩር

(በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ስለ ሙቀት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ሰዉ ይስቅብኛል» የሚል ነበር። የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በካፊያ በምታሳልፍ ከተማ፣ ጃኬታችን ከበሩ ኋላ ሳይወርድ በሚከርምበት አገር ስለ ሐሩር መስበክ ቀልድ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን «እኛ እኮ የአፍሪካ ልጆች ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» የሚል ኩራት አለን። እኔም በነርስነት ሙያ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ እንኳ ይህ ኩራት ነበረኝ፤ የተውኩትም በአንድ ሰኞ ማታ ነው። ወደዚያ ሰኞ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ግን ኩራቱን ልመርምረው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደሴና ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእርሷም ይበልጣሉ። በእነዚህ ከተሞች የሙቀት መለኪያው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ቀን ብርቅ ነው። ይህ አገር በሐምሌና በነሐሴ በሚነድበት ጊዜ ደግሞ እዚያ ክረምት ነው፤ ዝናብና ብርድ ነው። ልጇን ልትጠይቅ በሐምሌ ወር ከቦሌ የምትነሣ እናት ከጭጋግ ወጥታ ነው ወደዚህ የምትመጣው። የሰው ሰውነት ሙቀትን መልመድ ይችላል፤ ቶሎ ማላብን ይማራል፣ በላቡ የሚወጣውን ጨው ይቆጥባል፤ ነገር ግን ይህን ለመማር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከሙቀቱ በራቀም ጊዜ የተማረውን ይረሳዋል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሲያትል የኖረ የጎንደር ልጅ ሙቀትን የሚያውቀው በወሬ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የድሬዳዋና የአፋር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ስለ እነርሱ ቆይቼ እናገራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጁን መጨረሻ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር እንደ ክዳን በአካባቢያችን ላይ ተደፍቶ ቀናት ቆየ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው አየር እየታመቀ ይግላል፣ ደመናም እንዳይፈጠር ያደርጋል፣ ከባሕር የሚመጣውንም ቀዝቃዛ አየር ያግዳል። በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ቅዳሜ ጁን 26 ቀን 102 ዲግሪ ፋራናይት፣ እሑድ 104፣ ሰኞ 108 ተመዘገበ፤ የመጨረሻው በሴልሺየስ ከ42 ዲግሪ በላይ ነው። ከዚያ በፊት በከተማዋ ታሪክ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ አያውቅም ነበር። ፖርትላንድ በዚያው ሰኞ 116 ደረሰች። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትገኘው ሊተን የተባለች ትንሽ ከተማ ደግሞ በማግስቱ 49.6 ዲግሪ ሴልሺየስ አስመዝግባ፣ በበነጋው በእሳት ወደመች። እንዲህ ያለውን ሙቀት በሱዳን በረሃ ይሰሙታል እንጂ ጥድ በሞላበት አገር ማን ይጠብቀዋል?

በዋሽንግተን ግዛት ቢያንስ 100 ሰዎች በዚያ ሳምንት በሙቀቱ ምክንያት ሞቱ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሟቾች ቁጥር 619 ነበር፤ የዚያው ግዛት የአሟሟት መርማሪዎች በኋላ አንድ በአንድ አጥንተውታል። ከሟቾቹ ከመቶ 98ቱ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ነበር። ሙቀት ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሜዳ ላይ ፀሐይ የመታው ሰው ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ጥላ ሥር፣ በገዛ ሳሎናቸው፣ በሩ ተዘግቶ ነው የሞቱት። በ1995 በቺካጎም እንዲሁ ነበር፤ በዚያ ጁላይ ከወትሮው በላይ 739 ሰዎች ሞተው የከተማው አስከሬን መመርመሪያ ቦታ ስላልበቃው፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች በደጁ ተሰልፈው ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ማንም በራቸውን ያላንኳኳላቸው አረጋውያን ነበሩ።

አሁን ወደ ሰኞው። በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ብቻቸውን በሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ እንደ እናቴ የማያቸው ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ደውዬላቸው ነበር። «እንዴት ነዎት? ሙቀቱስ?» ስላቸው «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። እሑድም ያንኑ ተባባልን። ሰኞ ማታ ከሥራ ስወጣ ደወልኩ፤ ድምፃቸው ዘገየብኝ፤ «ትንሽ ደከመኝ» አሉ። ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ የወጣው አየር ከእንጀራ ምጣድ ላይ አክንባሎ ሲነሣ ፊት እንደሚመታው እንፋሎት ነበር። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ነፋስ እንዳይመታቸው ነው። ሹራብ ለብሰው ነጠላ ተከናንበዋል። ጠረጴዛው ላይ ጠዋት የቀዳሁት ያሉት ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። የግድግዳው መቆጣጠሪያ 97 ፋራናይት ይላል፤ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኳቸው። «ቅዳሜ» አሉኝ። 911 ደወልኩ፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ ሹራቡን አውልቄ፣ አንሶላ በቧንቧ ውኃ ነክሬ አለበስኳቸውና በማስታወቂያ ወረቀት አራገብኩላቸው። ተርፈዋል፤ ዛሬም እንደ ወትሮው ቡና ያፈላሉ። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል እንደ ምርመራ ውጤት ተቀብዬ መቀመጤን አልረሳውም።

በእኛ ቋንቋ «ደህና ነኝ» መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የታመመውም፣ ያዘነውም፣ የተራበውም ደህና ነው። በተለይ እናቶቻችን ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው የሚሰጡን ቃል ነው። ስለዚህ በሙቀት ቀን የምንጠይቀውን ጥያቄ መለወጥ አለብን። የቤቱ መለኪያ ስንት ይላል? ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ? ሽንት ቤት ስንቴ ሄዱ፣ ቀለሙስ ምን ይመስላል? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ነውር ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይሁን። መልሱ ካላማረን ደግሞ ስልክ አይበቃም፤ መሄድ ነው።

ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል፦ ደምን ወደ ቆዳ መላክና ማላብ። ደም ወደ ቆዳ ሲሄድ ልብ በብርቱ ይሠራል፤ ለዚህ ነው በሙቀት ወቅት ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹ የልብ ሕመምተኞች የሆኑት። ዕድሜ ሲገፋ ላብ ይቀንሳል፤ ከዚያ የከፋው ግን የውኃ ጥም ስሜት መደብዘዙ ነው። አንድ የሰባ አምስት ዓመት ሰው ውኃ ከሰውነቱ አልቆ እንኳ ላይጠማው ይችላል፤ «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ማለት ለወጣት እንጂ ለእርሱ አይሠራም። መድኃኒቶችም ይጨምሩበታል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሽንት የሚያስወጣ ክኒን ውኃን ይጨርሳል፣ የልብ ምትን የሚያቀዘቅዘው ክኒን ልብ እንዳይፈጥን ይይዘዋል፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ላብን ያግዳሉ። ማንም ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ ሙቀቱ ከመድረሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሙቀት የሚጎዳው ደግሞ እየተጠራቀመ ነው። ሌሊት ቤቱ ከበረደ ሰውነት ያርፋል፤ ሌሊቱ ካልበረደ ሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ዕዳ ተሸክሞ ይጀምራል። በ2021 ሰኞ ማታ የባሕሩ አየር ገብቶ ውጭው ቀዝቀዝ ሲል ብዙ ሰው «አለፈ» አለ፤ የላይኛው ፎቅ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ሙቀቱን ታቅፈው ቆዩ። የእዚህ አገር ቤት የተሠራው ብርድን ለመከላከል፣ ሙቀትን ይዞ ለማቆየት ነው፤ በጥር የምናመሰግነው ግድግዳ በጁላይ ይጎዳናል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። እኛ ክፉ ፀሐይ ስንል ቀትርን ነው የምናስበው። በሲያትል ግን በሰመር ቀኑ እጅግ ረጅም ነው፤ በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሙቀቱ ጫፍ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ማለትም ሰው ከሥራ ወጥቶ ልጆቹን ወደ መጫወቻ ሜዳ በሚወስድበት፣ እናት እንጀራ ልትጋግር ምጣድ በምትለኩስበት ሰዓት። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ መስኮት ያለው ቤት የሚጋገረው በዚሁ ጊዜ ነው። በሙቀት ቀን የሚጋገርም የሚቀቀልም ነገር ካለ ጎሕ ሲቀድ ይለቅ፤ የቡናውም ከሰል ወይም ምድጃ እንደዚሁ።

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እዚያ ገበያው በማለዳ ይደምቃል፤ ፀሐይ ስትበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች፤ ሲሞቅ አልጋ ግቢ አውጥቶ መተኛትም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አፋሩም በሙቀት ላይ አይፎክርም፤ ሥራውን ለማለዳና ለምሽት ይከፋፍልና በቀትር ሰሌን በለበሰው ጎጆው ጥላ ሥር ያርፋል። ቆለኛ ሙቀትን ስለሚፈራ ይኖርበታል፤ ደገኛው ደግሞ ስለማያውቀው ይደፍረዋል።

ቤትን ማቀዝቀዝ እንግዲህ የሰዓት ሥራ ነው። ማለዳ ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ በግራና በቀኝ ያሉትን መስኮቶች ከፍቶ አየር ማሳለፍ፤ ውጭው ከቤቱ ሊበልጥ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 9 ወይም 10 ሰዓት አካባቢ፣ ዘግቶ መጋረጃውን መጣል። ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማስቆም ከውስጥ ከማስቆም ይሻላል፤ በረንዳ ያለው ሰው ነጭ አንሶላ ወይም አሮጌ ጋቢ ከውጭ ቢሰቅል ልዩነቱን በእጁ ዳብሶ ያውቀዋል። እዚህ ላይ «ነፋስ ይመታኛል» የሚለው ፍርሃታችን ይመጣል። አልስቅበትም፤ በደብረ ብርሃን ሌሊት እውነትነት አለው። በ97 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ግን ያ ነፋስ መድኃኒት ነው። ማራገቢያን በተመለከተ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት አለ፤ ሰው ማራገቢያ ገዝቶ ነገሩ የተፈታ ይመስለዋል። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሰውነትን ጭራሽ ያሞቀዋል፤ ለአረጋውያን ደግሞ ከዚያ በታችም አይታመንም። ቆዳን በውኃ አርጥቦ ማራገብ፣ እግርን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ እርጥብ ልብስ መልበስ ይበልጣል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይክፈት፤ የመብራት ሒሳብ ፈርቶ የሚያጠፋም አለ። የዋሽንግተን ግዛት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት የሙቀት ማስጠንቀቂያ በታወጀበት ቀን ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት መብራትና ውኃ አይቆረጥም። ማቀዝቀዣ የሌለው ደግሞ በቀን ጥቂት ሰዓት እንኳ በሚቀዘቅዝ ቤተ መጻሕፍት ወይም የገበያ አዳራሽ ቢቆይ ሰውነቱ ዕዳውን ይከፍላል፤ የትኛው ክፍት እንደሆነ 211 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ስለ መጠጥ ብዙ አልናገርም፤ ውኃ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቶሎ ቶሎ ነው። ውኃ ብቻ ጠጥቶ ምግብ መተው ግን የሰውነትን ጨው ያሳንሳል። በቀጭኑ የተበጠበጠ በሶ ጥቂት ጨው ጣል ተደርጎበት ከሱቅ ከሚገዛው ባለ ቀለም መጠጥ አያንስም፤ እኔ በበኩሌ አስበልጠዋለሁ። ጠላና ጠጅ ለሌላ ቀን ይቆዩ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ታሞ ውኃ የተመጠነለት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

የፍልሰታ ጾም በዚህ አገር ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው የሚውለው፤ ልክ በሙቀቱ ወቅት። ቅዳሴ እስኪያልቅ ውኃ ሳይቀምሱ በተጨናነቀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆሙ አረጋውያን እናቶችን በየዓመቱ አያለሁ። ጾምን የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይወጣም። የታመመ፣ ያረገዘና የደከመ ሰው የንስሐ አባቱን ቢያማክር ግን ካህናቱ ራሳቸው የሚፈቅዱት ነገር አለ፤ አስተናጋጆችም ለአረጋውያኑ በበሩ አጠገብ ወንበር ቢያዘጋጁ መልካም ነው።

ከቤት ውጭ ለምትሠሩ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአትክልት፣ በግንባታ ላይ ላላችሁ፦ የግዛቱ ደንብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ እንዲቀርብ ያዛል፤ ሙቀቱ 90 ፋራናይት ሲደርስ በየሁለት ሰዓቱ 10 ደቂቃ፣ 100 ሲደርስ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ የሚከፈልበት ዕረፍት ግዴታ ነው። ይህ ልመና አይደለም። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይጠንቀቅ፤ ሰውነቱ ገና አልለመደም። ሕፃን ለአንዲት ደቂቃ ተብሎ መኪና ውስጥ አይተው፤ በደህና ቀን እንኳ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት ይጨምራል። ሐይቅና ወንዝም እንዲሁ፤ አየሩ ቢነድም ውኃው ከበረዶ ቀልጦ የመጣ ነው፤ ዘሎ የገባን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ከእኛ ደግሞ ዋና የምንችል ጥቂቶች ነን።

አሁን ስለ ምች። አንድ ሰው በሙቀት ቀን ራሱን ሲያዞረው፣ ሲያስመልሰው፣ ላብ አጥምቆት ሲደክም ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ ውኃ እየሰጡ ማሳረፍ ይበቃል፤ ሰዓት ሳይሞላ ካልተሻለው ግን ሐኪም ነው። ንግግሩ ከተደናገረ፣ ቀኑን ከሳተ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሰውነቱ ውስጣዊ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ወይም አልፎ አንጎሉ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ማሽተት፣ ይልቁንም ጋቢ አልብሶ ማጠን፣ እሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው። ዳማ ከሴ ለጉንፋን ይሁን፤ አልከለክልም። እዚህ ግን ልብስ ማውለቅ፣ ውኃ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ በረዶ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ማድረግ፤ ገንዳ ካለና የሚይዝ ሰው ካለ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። 911 ደውላችሁ እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ «አምሃሪክ» ብላችሁ ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። አድራሻችሁን ብቻ በእንግሊዝኛ ተለማምዳችሁ ያዙ።

የመጨረሻው ጉዳይ እድራችንን የሚመለከት ነው። እድር ያለን ሕዝብ ነን፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወጡ፣ ሰልፉ በአንድ ሌሊት ይሰናዳል። ቺካጎ ከ1995 በኋላ ያደረገችው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እየዞሩ የሚያዩ፣ የሚደውሉ ሰዎች አሰማራች፤ በ1999 እንደገና ክፉ ሙቀት ሲመጣ የሞተው ሰው ከፊተኛው በእጅጉ አነሰ። እኛ መዝገቡ አለን፣ ስልኩ አለን፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ማን ሦስተኛ ፎቅ እንደሆነ እናውቃለን። የጎደለን ለቅሶ ከመድረሱ በፊት የሚንቀሳቀስ ተራ ነው። ስለዚህ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ተስማምተን አንድ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ በአንድ ወገን ብቻቸውን የሚኖሩ አባቶችና እናቶች፣ በሌላው ወገን በእግር ወይም በመኪና በ15 ደቂቃ ሊደርስላቸው የሚችል ሰው ስም ይጻፍበታል። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሙቀት ማስጠንቀቂያ ባወጣ ቀን እያንዳንዱ የያዘውን ሰው ከሰዓት በኋላ በ6 ሰዓት በሩ ድረስ ሄዶ ያያል፤ መለኪያውን ያነባል፣ ውኃውን ያያል፣ ቀኑን ይጠይቃል። ያች እናት ስማቸውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስጽፈዋል፤ በሁለተኛው ወገንም መመዝገብ ፈልገው ነበር፣ አሳንሰሩ ሲበላሽ ደረጃው ያደክምዎታል ብለን ከለከልናቸው እንጂ። ወረቀቱ ከቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶ ሁለት ብቻ ስላለ እየተቀባበላችሁ ጻፉ።